ሽማግሌ ጭና የቆመች መኪና

ልጅ ያሳደገ ሰው መኪናውን ከልጁ የሚጠብቅበት ዘዴ አያጣም። አንዱ ቁልፉን ትራሱ ሥር ይዞ ይተኛል። ሌላው የባትሪውን ገመድ ይፈታል። አንድ ጎረቤቴ መሪውን በውሻ ሰንሰለት ያስራል፤ ውሻው ግን ተፈቶ ሰፈሩን ያስጨንቃል። እኔ ይህን ሁሉ ሳይ እስቅ ነበር። ቁልፍ ይቀረጻል፣ ገመድ ተመልሶ ይታሰራል፣ ሰንሰለትም መጋዝ አያጣም። ቤንዚን የሌለው መኪና ግን የትም አይሄድም።

ስለዚህ አሮጌዋን ፔጆዬን ግቢ ባስገባሁ ቁጥር አንድ ጎማ ቱቦ ከሳልባትዮው ውስጥ እከትና፣ ያው ከነዳጅ ታንከሩ ማለት ነው፣ በአፌ ስቤ ቤንዚኑን ወደ ጀሪካን እቀዳዋለሁ። ጀሪካኑን መጋዘን አስገብቼ እቆልፋለሁ። መንገድ ባለብኝ ቀን መልሼ እሞላለሁ። የልጆቼ እናት "ልጁን ማመን አይቀልም?" ትለኛለች። "ማመን ጥሩ ነው፤ መጋዘኑ ግን ቁልፍ አለው" እላታለሁ። አንዳንድ ቀን ስስብ ጉሮሮዬ ድረስ ይመጣብኛል። ያን ቀን ምድጃ አጠገብ እንዳልናገር ትከለክለኛለች።

ሰው ይህን ሲሰማ ያልተማረ ይለኝ ይሆናል። እውነት ነው፣ ትምህርት ቤት አራተኛ ክፍል ላይ ነው የተለያየነው። ከዚያ ወዲህ ያወቅሁትን ሁሉ ያወቅሁት አንብቤና ፈትቼ ነው። ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ባለችኝ ሱቅ ሬዲዮና የእጅ ባትሪ እሸጣለሁ፤ የተበላሸውንም እጠግናለሁ። ሰው ፈትቶ ከገጠመው ነገር ይማራል፤ ፈትቶ መግጠም ካቃተው ደግሞ የበለጠ ይማራል። ለልጆቼ ይህን ሳልላቸው የዋልኩበት ቀን የለም። እነሱም ሳይሰሙኝ የዋሉበት ቀን እንዲሁ።

ወደ ነገሩ ልግባ። ልጄ ሙኒር ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ነው የሚሠራው። እዚያው ሰሚራ የምትባል፣ ከከተማ ወጣ ያለችው የዋሂል መንደር ልጅ ትሠራለች። ምን እንደተነጋገሩ አላውቅም፤ የማውቀው አንድ ቀን ምሳ ላይ "አባዬ፣ ሽማግሌ ላክልኝ" ማለቱን ነው። በልቼ እስክጨርስ አልመለስኩለትም። እንዲህ ያለ ነገር በባዶ ሆድ አይመለስም።

አጠያየቅሁ። ልጅቷ ጨዋ ናት አሉኝ። አባቷ ሐጂ ኢብሮ ደግሞ ቃላቸው የማይታጠፍ ሰው ናቸው። ቀን ሲቆርጡልን እንዲህ ብለው ላኩብን፦ "እሁድ ቀትር፣ ከዙህር ሰላት በፊት ይምጡ። ከዙህር በኋላ ለዚችው ልጅ ሌሎች ሽማግሌዎች ይመጣሉ። በሰዓቱ የመጣውን እሰማለሁ። የዘገየውን ምሳ አብልቼ እሸኛለሁ።"

ሙኒር ይህን ሲሰማ እጄን ያዘኝ። "አባዬ፣ አደራህን፣ በሰዓቱ" አለኝ። እኔን! ታይዋን ውስጥ ሱቁን በሰዓቱ የሚከፍት ሰው ቢፈለግ የሚጠራው የማን ስም ሆነና?

ሦስት ሽማግሌ መረጥኩ። የመጀመሪያው ሼህ ዩሱፍ ናቸው፤ ዱዓቸው የሚሰማ፣ ውሸት ከአፋቸው የማይወጣ ሰው። ሁለተኛው ልብስ ሰፊው አብዶሽ ነው። የሐረር ልጅ ነው፤ ምላሱ ከመርፌው ይፈጥናል። ሦስተኛው ግድግዳ የምንጋራው ክርስቲያኑ ተፈራ ነው። ዕድሜውን በባቡር የሠራ፣ አሁንም ምንም ነገር ሲበላሽ ባቡር እያስታወሰ የሚጠግን ጡረተኛ። ድሬዳዋ ሽማግሌ ስትልክ ሃይማኖት አትጠይቅም፤ አንደበት ነው የምትጠይቀው።

አንድ ችግር ቀረ። በእኛ ወግ የልጁ አባት ከሽማግሌዎቹ ጋር አይሄድም። ቤቱ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። መኪናዋን ደግሞ ከእኔ በቀር ማንም አይነዳትም። ሙኒር ይንዳ እንዳይባል፣ ሙሽራው ራሱ ሽማግሌ ጭኖ መጣ ከተባለ ሰባት ቤት ይሰማል። መላውን ያመጣው አብዶሽ ነው።

"አንተ ሾፌር ሆነህ ትሄዳለህ፣ አባ ሙኒር። ማንም አያውቅህም። ሾፌር ግን አፍ የለውም። ከመኪናህ አትወርድም፣ ምክር አትሰጥም።"

"እኔ መቼ ነው ምክር የምሰጠው?" አልኩ።

ሦስቱም ሳቁ። ሼሁም ጭምር።

እሁድ ጠዋት ቤንዚኑን መልሼ ሞላሁ። የወትሮው ጀሪካን ተሰንጥቆ ስለነበር በዚያ ሰሞን የቀዳሁት ግቢው ጥግ ተደፍቶ ባገኘሁት ቢጫ ጀሪካን ነበር። ሽማግሌዎቹ ነጭ በነጭ ለብሰው መጡ። አብዶሽ የአወዳይ ጫት በኮባ ቅጠል አስጠቅልሎ፣ በላዩ እርጥብ ጨርቅ አልብሶ፣ እንደ አራስ ልጅ አቅፎ ገባ። ለሽምግልና ሲኬድ ጫት በእጅ ይገባል፤ የሚገባው ጫት ደግሞ ለምለም መሆን አለበት። የጠወለገ ጫት ይዞ ልጅ መጠየቅ ከመሳደብ አይተናነስም።

ሙኒር የመኪናውን በር ከፍቶ ሽማግሌዎቹን አስገባ። የሼሁን ጉልበት ሳመ። ፀሐይዋ ገና ሳትከርር ከከተማ ወጣን።

መኪናዋ ስትሄድ ደስ ትላለች። እኔም ደስ ስላለኝ ስለ ሰዓት አክባሪነት አንድ ሁለት ነገር ማውራት ጀመርኩ። "ሾፌር!" አለ አብዶሽ ከኋላ። ዝም አልኩ። እኔ ዝም ስል እሷ ማሳል ጀመረች። ሞተሩ ሳል ሳል፣ ነጠቅ ነጠቅ አለው። ከዚያ ጸጥ። ግራና ቀኝ ግራር፣ ፊት ለፊት አቧራ።

ኮፈኑን ከፈትኩ። ሦስቱም ወርደው ከበቡኝ። እኔ እንዲህ ባለ ጊዜ አልደነግጥም። ሞተር የሚፈልገው እሳትና ቤንዚን ነው። ካንዴላውን ነቅዬ አየሁ፣ እሳቱ ደህና ነው። ስለዚህ ጉድለቱ የቤንዚን ነው። በአንድ የመኪና መጽሐፍ ላይ እንዳነበብኩት፣ በቆላ አገር የቤንዚን ፓምፑ ሲግል ቤንዚኑ ውስጡ ይተናል፤ ፓምፑም በቤንዚን ፋንታ እንፋሎት ይስባል። መድኃኒቱ ማቀዝቀዝ ነው። ከመጠጥ ውኃችን ቀንሼ ፓምፑ ላይ አፈሰስኩበት። ትንሽ ጠበቅን። ቁልፉን ስጠመዝዝ ወዲያው ተነሳች።

"ማሻአላህ!" አሉ ሼሁ።

እኔ ምን ላድርግ? ሰው ሲያመሰግንህ ማስረዳት ግዴታ ነው። ስለ ሙቀት፣ ስለ ትነት፣ ስለ ፓምፕ ልብ አስረዳኋቸው። ትምህርቱ መሃል ላይ ሳለን መኪናዋ እንደገና ቆመች።

አሁን ተፈራ ወረደ። "አባ ሙኒር፣ ውኃ ተው። ባቡር እንዲህ ሲሆን እኛ ታንከሩን ነበር የምንደበድበው፤ ቆሻሻው ከመውጫው ላይ ይነሳል።" ድንጋይ አንስቶ ሳልባትዮዬን እንደ ከበሮ መታው። እያንዳንዱ ምት ጥርሴ ላይ ነበር የሚያርፈው። ስጠመዝዝ ተነሳች።

"አየህ?" አለ ተፈራ።

"የፓምፑ ውኃ ዘግይቶ ሠርቶ ነው" አልኩ።

ሦስተኛ ጊዜ ቆመች። ሼህ ዩሱፍ ከመቀመጫቸው ሳይነሱ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ። ተነሳች። አራተኛ ጊዜ ቆመች። ይኼኔ አብዶሽ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ "አንቺ አሮጊት! እኛ ለልጅ ጉዳይ ስንሄድ አንቺ መንገድ ላይ ትተኛለሽ? አፈር ብዪ አቦ!" ብሎ ሰደባት። ብታምኑም ባታምኑም ለስድቡም ተነሳች።

ከዚህ በኋላ መኪናው ውስጥ ሰላም አልነበረም። እኔ የማቀዝቀዝ፣ ተፈራ የመደብደብ፣ አብዶሽ የመሳደብ ወገን ሆንን። ሼሁ ብቻ "እኔ ዱዓዬ ነው አላልኩም" ይላሉ፤ ፊታቸው ግን እንደዚያ አይልም። የሁላችንም መድኃኒት አንዳንድ ጊዜ ስለሠራ ማንም ማንንም ማሸነፍ አልቻለም። ከዚያ ቀን ወዲህ የማይሠራ መድኃኒት አልፈራም። እሱ ቶሎ ይጣላል። የምፈራው አንዴ የሚሠራውን ነው።

መጽሐፉ ራሱ እኮ ይላል! ቤንዚን ሲቋረጥ ከሳልባትዮው ጀምረህ ቱቦውን፣ ማጣሪያውን ፊልትሮ፣ ፓምፑን፣ ካርቡራተሩን ተራ በተራ እይ ይላል። እኔ ግን ፊልትሮውን አልነካሁም። ለምን? ያቀዘቀዝኩት ፓምፕ ሠርቶልኛላ። ትክክል ነኝ ብሎ ያመነ ሰው የሚፈታው ብሎን የለም።

ውኃው አለቀ። ፀሐይዋ ከረረች። እንደገና ቆምን። ዓይኔ አብዶሽ እቅፍ ላይ ያለው እርጥብ ጨርቅ ላይ አረፈ።

"አይሆንም!" አለ አብዶሽ ጫቱን ወደ ደረቱ አስጠግቶ። "ጫቱን ገድለህ መኪና ልታድን?"

"መንገድ ላይ የቀረ ጫት ምን ክብር አለው?"

"የጠወለገ ጫት ይዞ የደረሰ ሽማግሌስ ምን ክብር አለው?"

"በባቡር ጊዜ ቢሆን..." አለ ተፈራ።

"ባቡርህ ከቆመ ስንት ዘመኑ፣ ተፈራ!"

ሼህ ዩሱፍ ፀሐይዋን ቀና ብለው አዩ። "ሐጂ ኢብሮ ከዙህር በፊት ነው ያሉት" አሉ። "ስለ ጫት ልመና ይቻላል። ስለ ሰዓት አይቻልም። ስጠው።"

ጨርቁን ፓምፑ ላይ ጠመጠምኩት። ሞተሩ በእርጥብ ጨርቅ ተሸፍኖ፣ ጫቱ በፀሐይ ራቁቱን ሆኖ ጉዞ ቀጠልን። እንደገና ስንቆም አንድ ግመል ነጂ ግመሉን እየጎተተ ደረሰብን። ኮፈኑን አየ፣ ነጭ የለበሱትን ሽማግሌዎች አየ፣ ጫቱንም አየ።

"ወርያ! ይሄ ጫት ለማን ነው፣ ለፍየል?"

አብዶሽ በሶማሊኛ የሆነ ነገር መለሰለት። ግመል ነጂው እስኪያጎነብስ ሳቀ። ምን እንዳለው እስከ ዛሬ አልነገረኝም፤ ስለ እኔ እንደሆነ ግን አውቃለሁ።

ዋሂል ከፊታችን ስትታይ መኪናዋ ለመጨረሻ ጊዜ ዝም አለች። ውኃም፣ ድንጋይም፣ ዱዓም፣ ስድብም አልመለሷትም። ከዚያ በኋላ መንገዱ ወደ መንደሩ ቁልቁል ነው። መግፋት ብቻ ነው የቀረን። እኔ መሪ ይዤ ሽማግሌዎች ቢገፉኝ ግን የሰው ዓይን ምን ይለኛል? ሽማግሌ የሚያስገፋ ሾፌር የት ታየ? ከሁሉ የሚያንሰው የሼሁ ጉልበት ስለሆነ እሳቸውን መሪው ላይ አስቀመጥኩና ሦስታችን ከኋላ ገፋን።

"መሪውን ቀጥ አድርገው ይያዙ እንጂ ሌላ ምንም አይንኩ" አልኳቸው።

ቃሌን አከበሩ። ምንም አልነኩም። ፍሬኑንም።

መኪናዋ ቁልቁለቱን ስታገኝ ከእጃችን አመለጠች። "ፍሬን! ፍሬን ይያዙ!" እያልን ከኋላ እንሮጣለን። ከፊት "ቢስሚላህ! ቢስሚላህ!" የሚል ድምፅ እየራቀ ይሄዳል። ዶሮ ተበተነ። ሕፃናት ጮኹ። ፔጆዬ የአንድ ግቢ የእሾህ አጥር ጥሳ ገብታ፣ የተከመረ የማሽላ አገዳ ውስጥ አፍንጫዋን ቀብራ ቆመች። ልክ በዚያች ቅጽበት መስጊዱ ለዙህር አዛን አለ።

ግቢው የሐጂ ኢብሮ ነበር።

አቧራ ለብሰን ስንደርስ ሐጂ ኢብሮ ሼህ ዩሱፍን በክንዳቸው ይዘው ከመኪናው ሲያወርዱ አገኘን። ረጅም፣ ቀጥ ያሉ፣ ፊታቸው ላይ ሳቅ የማይታይ ሰው ናቸው። አጥራቸውን አዩ፣ አገዳውን አዩ፣ እኛን አዩ።

"እኚህ ሽማግሌ በሰዓቱ ደርሰዋል" አሉ። "የቀራችሁት ዘግይታችኋል። ግን አፈ ጉባኤው ከቀደመ ይበቃል። ግቡ፤ ከሰላት በኋላ እንነጋገራለን።"

ሰገድን፤ ተፈራ ጥላ ሥር ጠበቀን። ከዚያ ሽማግሌዎቹ ቤት ገቡ፣ እኔ ሾፌሩ ግቢ ቀረሁ። መኪናዋን ከአገዳው ጎትቼ አወጣሁና፣ አሁን እንኳ የሚያመሰግነኝ ስለሌለ፣ መጽሐፉ እንዳለው ከመነሻው ጀመርኩ። የሳሎኑ መስኮት ክፍት ስለነበር የሚወራው ሁሉ ይሰማኛል።

"ይህ ጫት ከእናንተ በላይ ደክሟል" ሲሉ ሰማሁ ሐጂ ኢብሮን።

"የመንገዱ ፀሐይ ነው፣ ሐጂ" አለ አብዶሽ። ከዚያ ምላሱን ፈታ። "ለሙኒር ስንጠይቅዎ ዝም ብለን አይደለም። የማን ልጅ ነው! አባቱ እኮ እንዲህ ያለ ጠንቃቃ፣ እንዲህ ያለ ብልህ ሰው ነው። ቤቱ ውስጥ አንዲት ነገር ያለ ቦታዋ አትቀመጥም። ሁለት ጊዜ ሳያስብ አንድ ጊዜ አይሠራም።"

እኔ በዚያን ሰዓት በሆዴ ተኝቼ የቤንዚን ቱቦ በአፌ እየነፋሁ ነበር።

"አባትየው አሁን የት ነው ያለው?" አሉ ሐጂ ኢብሮ።

ሼህ ዩሱፍ አይዋሹም። "ሩቅ አይደለም" አሉ።

ፊልትሮውን ፈትቼ መዳፌ ላይ ገለበጥኩት። ነጭ ነገር ወጣ። ለስላሳ፣ ጓል ጓል ያለ። ቆሻሻ ሲጠቁር እንጂ ሲነጣ አይቼ አላውቅም። ዓይኔ ድረስ አስጠግቼ ሳየው ከኋላዬ የሴት ድምፅ መጣ።

"ምንድነው እሱ?"

የቤቱ እመቤት አዴ ሐሊማ ናቸው። የግመል ወተት ወደ ከተማ እያመላለሱ ይሸጣሉ። ከመዳፌ ቆንጠር አድርገው አሸተቱ። እንደገና አሸተቱ።

"ወላሂ ይሄ ወተት ነው። የኮመጠጠ የግመል ወተት!"

"የግመል ወተት አይረጋም!" አለ አብዶሽ በመስኮት። ሽምግልናውን ትቶ ነው።

"ለወተት እኔን ነው የምታስተምረኝ? ጀሪካን ውስጥ ሲቆይ ጓል ይሠራል! ሐጂ፣ ና እይ! ሰውዬው መኪናውን ወተት አጠጥቶ ነው የመጣው!"

የቢጫው ጀሪካን ነገር ያኔ ገባኝ። የልጆቼ እናት ወተት የምታስመጣበት ነበር። አጥባ ልታስቀምጠው ግቢ ጥግ ደፍታዋለች። ሳይታጠብ ቀድሜያት ደረስኩ። ቤንዚን ሲስብ የኖረ አፍንጫ ደግሞ ከቤንዚን በቀር ምን ያሸታል? ጓሉ ሳልባትዮው ሥር ይንከባለላል። ሞተሩ ሲስብ እየተጎተተ መጥቶ መውጫውን ይደፍናል። መኪናዋ ስትቆም መሳቡ ይቆምና ጓሉ ይለቃል። ስለዚህ ትንሽ ከቆየን ትነሳለች። መንገዱን ሁሉ የፈወሳት ውኃም፣ ድንጋይም፣ ስድብም አልነበረም። ስንጨቃጨቅ የባከነው ጊዜ ነው። ፊልትሮው ፈጽሞ ሲሞላ ግን ጊዜውም አልበቃት። ስለ ሼሁ ዱዓ ግን ምንም አልልም።

ሐጂ ኢብሮ ወጡ። ሽማግሌዎቹ ተከተሉ። "ሾፌር" አሉኝ። "ይህን ማን አደረገው?"

አብዶሽ ከኋላቸው ሆኖ "ባለመኪናው በል" እያለ በከንፈሩ ይነግረኛል። መውጫ ነበረ። ባለመኪናው ነው ብል ውሸት አይደለም። ግን ባለመኪናው የሙኒር አባት ነው፤ ያ አሁን ቤት ውስጥ ብልህ የተባለው። ውሸት አይደለም ብዬ ውሸት ልናገር? ሙኒር ስምንት ዓመቱ ሳለ እንዲህ ያለች ግማሽ እውነት ቢነግረኝ ከሰዓቱን ሙሉ ቁጭ አድርጌ መክሬዋለሁ።

"እኔ ነኝ" አልኩ። "መኪናዋም የእኔ ናት። ሾፌር አይደለሁም፣ ሐጂ። የሙኒር አባት ነኝ።"

አብዶሽ ዓይኑን ጨፈነ። የሼህ ዩሱፍ ትከሻ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲላላ አየሁ።

"ወተት ነዳጅ ውስጥ ለምን ተጨመረ?" አሉ ሐጂ ኢብሮ።

ሁሉን ነገርኳቸው። ስለ ቱቦው፣ ስለ መጋዘኑ፣ ልጄ መኪናዋን እንዳይነዳ ቤንዚኑን እንደምቀዳ። እኔ ስናገር ግቢው ሁሉ ይሰማል። አንድ ቦታ ላይ መጋረጃ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ ሰሚራ እንደሆነች ገመትኩ።

ሐጂ ኢብሮ አሰቡ። "እንግዲህ አንተ መኪናህን የማታምነውን ልጅ" አሉ ቀስ ብለው፣ "እኔ ልጄን ሰጥቼ እንዳምነው ነው የመጣችሁት?"

ዕድሜዬን ሙሉ ሰውን ስመክር አንድ ቀን እንዲህ ያለ ጥያቄ አልጠየቅሁም። ዓይኔ ፊት የመጣው ጠዋት ለሽማግሌዎቹ በር ሲከፍት የነበረው ሙኒር ነው። ጉዳዩን በእጄ ሰጥቶኝ፣ እኔ በራሴ ጀሪካን ላሰጥመው ነው።

"ሐጂ" አልኩ። "ልጁ መኪናዋን ሳያስፈቅድ ነክቶ አያውቅም። አንድ ቀን እንኳ። ስቀዳ እያየኝ አልተቀየመኝም፤ ጀሪካኑን ተሸክሞ መጋዘን የሚያስገባልኝ እሱ ነው። ያልታመነው ልክ ስላልሆነ አይደለም። እኔ ስለምፈራ ነው። የእኔን ፍርሃት በእሱ ሂሳብ አይጻፉበት።"

አዴ ሐሊማ መሃል ገቡ።

"አንተስ?" አሉ ባላቸውን። "የልጅህን የአህመድን ሞተር ሳይክል ጎማ በየምሽቱ የሚያስተነፍሰው ጂኒ ነው? ልጁ በየማለዳው ሲነፋ አይደል የሚውለው? ይኸው ጓደኛህ መጣልህ!"

ሐጂ ኢብሮ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሰማዩን አዩ። መጀመሪያ የሳቀው ተፈራ ነው። ከዚያ ከመጋረጃው ጀርባ አንድ የታፈነ ሳቅ መጣ። ከዚያ ሐጂ ኢብሮም ሳቁ፤ ያ የማይስቅ ፊት ጥርሱ ታየ።

"ጎማ ማስተንፈስ ይሻላል" አሉኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። "ወተት የለበትም።"

ተመልሰን ገባን፤ እኔም ሾፌርነቴን ትቼ። "እውነቱን ደጅ ላይ ስለሰማሁ ቤት ውስጥ የተባለውን ይቅር ብያለሁ" አሉ ሐጂ ኢብሮ፣ አብዶሽን እያዩ። "ልጅቷ ራሷ ፈቅዳለች። ሰጥተናችኋል።"

"እኔ ግን አንድ ነገር አለኝ" አሉ አዴ ሐሊማ ከበሩ። "ልጄን ከዚህ ቤት የሚወስዳት መኪና ያቺ አትሆንም። ይኸው ተናግሬያለሁ።"

ሽማግሌዎቹ ሳይመካከሩ ተስማሙ። እኔን ቀና ብሎ ያየኝም የለም። ሼህ ዩሱፍ ውሉን በዱዓ አሰሩት። ከሁሉ በላይ ጮኬ አሚን ያልኩት እኔ ነኝ።

ምሳ እየበላን ሳለ ሌሎቹ ሽማግሌዎች መጡ። ሐጂ ኢብሮ ቃላቸውን ጠብቀው በክብር አብልተው ሸኟቸው። ጫታቸው ለምለም ነበር። አብዶሽ ከእነሱ ጎን ሄዶ ተቀመጠ፤ ስለ ሰዓት ማክበር ሲያጽናናቸው ሰማሁት።

ከሰዓት በኋላ ሳልባትዮውን አስደፍተን፣ ቱቦውን ነፍተን፣ ፊልትሮውን አጥበን ገጠምን። አህመድ ከሞተር ሳይክሉ ነዳጅ ሰጠኝ፤ አባቱን እያየ እየሳቀ። ቁልፉን ስጠመዝዝ መኪናዋ እንደ አዲስ ዘፈነች። ሽማግሌዎቹን ልጠራ ዞር ስል ግን ሦስቱም ፍየል ወደ ከተማ የሚወስድ አይሱዙ ላይ ወጥተው አገኘኋቸው።

"ፍየሎቹ ጋር ይመቸናል፣ አባ ሙኒር!" አለ አብዶሽ። "እነሱ መንገድ ላይ አይቆሙም!"

ሼህ ዩሱፍም ሳይቀሩ እጃቸውን ከፍየል ቀንድ መሃል አውጥተው ሰላምታ ሰጡኝ። ብቻዬን ነዳሁ። አንድ ጊዜ እንኳ አላሳለችም። የሚመሰክርላት ግን አንድም ሰው አልነበረም።

ከተማው መግቢያ ላይ ሙኒር አስፋልቱ ዳር ቆሞ ይጠብቅ ነበር። መኪናዋን ሲያይ ሮጠ። ባዶ የኋላ መቀመጫ ሲያይ ቆመ። ፊቱ አመድ መሰለ።

"ሽማግሌዎቹስ?"

"ከፍየሎች ጋር እየመጡ ነው።"

"አባዬ፣ ተጣላችሁ? እምቢ አሉ?"

"ሰጥተውሃል" አልኩት።

አላመነኝም። ሽማግሌ ሄዶ ሾፌር ብቻውን ሲመለስ ማን ያምናል? አስፋልቱ ላይ እንደቆመ ቀረ፤ ወደ ዋሂል መንገድ እያየ። ቁልፉን ከሞተሩ ነቅዬ መዳፉ ላይ አስቀመጥኩለትና በሌላኛው በር ዞሬ ገባሁ።

"ና ንዳ" አልኩት። "እየሄድን እነግርሃለሁ።"

ቁልፉን አየ፣ እኔን አየ። ያኔ አመነኝ።